ከአራት ክር የተነሣ፦ ቢል ሞንሮና የብሉግራስ ማንዶሊን ኮርዶች አመጣጥ

ማንዶሊን ለመማር የሚነሣ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሦስት ኮርዶች ጋር ይተዋወቃል፦ ከጂ፣ ከሲ እና ከዲ። ሦስቱም በሁለት ጣት የሚያዙ ቀላል ኮርዶች ናቸው። ብሉግራስ የተባለውን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ሊጫወት የፈለገ እንደ ሆነ ግን፣ ጥቂት ቆይቶ መምህሩ ያንኑ የጂ ኮርድ በሌላ አያያዝ እንደ ገና ያቀርብለታል። ይህኛው አራት ጣት ይፈልጋል፤ ትንሿን ጣት እስከ ሰባተኛው ፍሬት ድረስ ያስዘረጋል፤ ከለመዱት በኋላም እንኳ እጅን ያደክማል። በሁለት ጣት የሚያዝን ኮርድ በአራት ጣት መያዝ ለምን አስፈለገ? የመማሪያ መጻሕፍት የጣቶቹን ስፍራ በሥዕል ያሳያሉ እንጂ ምክንያቱን እምብዛም አያብራሩም። ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱን የሚፈልገው በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። ሰውየው የብሉግራስ አባት እየተባለ የሚጠራው አሜሪካዊው ቢል ሞንሮ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ማንዶሊን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ መሣሪያ አይደለም። በክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች መካከል በማንዶሊን ተጫዋችነቱ ስሙ የገነነው አየለ ማሞ መሣሪያውን ከሀገራችን ዜማ ጋር አዋሕዶታል። በእኛ ዘንድ ግን ማንዶሊን በአብዛኛው ዜማ ተጫዋች ነው፤ የዘፋኙን ድምፅ ይከተላል፣ ይመልሳል፣ ያስውባል። ኮርድ፣ ማለትም ሦስትና ከዚያ በላይ ድምፆችን ባንድ ጊዜ አጣምሮ ማሰማት፣ ከቅኝቶቻችን ባሕርይ የሚመነጭ ልማድ ስላልሆነ የማንዶሊን ኮርድ ታሪክ በእኛ የሙዚቃ ጥናት ውስጥ ስፍራ አላገኘም። የሞንሮ ታሪክ በዚህ ረገድ ይጠቅማል። እርሱም ያደገው ዜማ በጆሮ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍበት የገጠር ባህል ውስጥ ነበርና።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ማንዶሊን ስምንት ክር አለው። ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚጣመሩ ተጫዋቹ የሚያገኘው አራት ጥንድ ነው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ ተብለው ይቃኛሉ፤ ይህም የቫዮሊን ቅኝት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ቫዮሊን በደጋን ሲገዘገዝ ማንዶሊን ፒክ በሚባል ትንሽ መምቻ የሚመታ መሆኑ፣ ደግሞም በማንዶሊን አንገት ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት መለያዎች መደርደራቸው ነው። የቅኝታቸው አንድ መሆን በሞንሮ ሕይወት ውስጥ ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

ዊሊያም ስሚዝ ሞንሮ መስከረም 13 ቀን 1911 በኬንታኪ ግዛት ሮዚን በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አጠገብ ተወለደ። ለቤቱ ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ ባክ ሞንሮ መሬት የሚያርስ፣ እንጨት የሚያስቆርጥና የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ልጆቹም ከሥራው አንዱን ክፍል ተካፋዮች ነበሩ። ቢል ገና በወጣትነቱ ለባቡር ሐዲድ የሚነጠፍ እንጨት በበቅሎ ሠረገላ ያመላልስ ነበር። የፋግታ ለኮማ አንባቢ፣ ከአዲስ ቅዳም ዙሪያ የዲከረንስ እንጨትና ከሰል ሲጓጓዝ እያየ ያደገ ሰው፣ የዚህን ኑሮ ድካም ለመገመት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። እናቱ ማሊሳ ቫንዲቨር ቫዮሊን ትጫወትና የቆዩ ዘፈኖችን ታዜም ነበር። ቢል ሲወለድ አንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ የዞረ ስለ ነበር እይታው ደካማ ሆነ። በኋላ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለለት፤ በልጅነቱ ግን መቀለጃ አድርጎታል። ከታላላቆቹ ጋር የዕድሜ ልዩነት ስለ ነበረው ብቻውን የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነበር።

የሞንሮ ልጆች መሣሪያ ሲከፋፈሉ ሽሚያው የተካሄደው በቫዮሊንና በጊታር ላይ ነው። በርች ቫዮሊኑን፣ ቻርሊ ጊታሩን ያዙ። ለታናሹ የተረፈው ማንም ያልፈለገው ማንዶሊን ሆነ። በዚያም አላበቃም። ድምፁ የእነርሱን እንዳይሸፍን በማሰብ ከስምንቱ ክሮች አራቱን እንዲያወልቅ ታላላቆቹ አስገደዱት፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ክር ብቻ ቀረው። የሞንሮን ሕይወት የጻፉ ሰዎች ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይደጋግሙታል፤ በኋላ የመጣውን የአጨዋወቱን ኃይልና የባሕርዩን ግትርነት ከዚህ በደል ጋር ያያይዙታል። አባባሉ ፍጹም ሐሰት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ቁም ነገሩን በግማሽ ያስቀረዋል። ታናሽ ልጅ በዚያ ቤት የተሰጠው ሥራ አጃቢነት ነበር። ዜማው የቫዮሊኑ፣ የምቱ መሠረት የጊታሩ ነው፤ ማንዶሊኑ ከሁለቱ መካከል የተረፈውን ክፍተት እየፈለገ መግባት ነበረበት። በአባቱ እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ ኸበርት ስትሪንግፊልድ የተባለ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኮርዶች እንዳሳየው ይነገራል። ሌላውን ያገኘው በመስማት ነው።

በ1921 እናቱ ሞተች፤ እርሱ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። በ1928 መጀመሪያ ላይ አባቱ ተከተለ። ታላላቆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄደው ስለ ነበር ቢል ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ከተንከራተተ በኋላ በእናቱ ወንድም በፔንድልተን ቫንዲቨር ጎጆ ተጠጋ። አጎት ፔን በአደጋ እግሩን የተጎዳ፣ ልዩ ልዩ ዕቃ እየለዋወጠ የሚተዳደር፣ በአካባቢው የታወቀ የቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ጭፈራ በተዘጋጀበት ቤት ሁሉ የሚጠራው እርሱ ነው። አጎትና የእህት ልጅ በበቅሎ ኮረብታውን እያቋረጡ ይሄዳሉ፤ ቫዮሊኑ ሌሊቱን ያስጨፍራል፤ ወጣቱ በጊታር፣ አንዳንዴም በማንዶሊን ከኋላ ሆኖ ኮርድ ይመታል።

ይህ የትምህርት ዓይነት ምን እንደሚያስተምር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በጎጃም ማሲንቆ ሲማር ያደገ ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ልጁ መጀመሪያ የሚማረው ዜማውን ሳይሆን ጨፋሪው እግሩን የሚያነሣበትንና የሚጥልበትን ቅጽበት ነው። አጃቢው ከዘገየ ጨፋሪው ይደናቀፋል፤ ከቸኮለም ቫዮሊኑ ይበላሻል። ሞንሮ በእነዚያ ሌሊቶች ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያዘ። አንደኛው የምት ታማኝነት ነው። ሁለተኛው የአጎቱ የደጋን አያያዝ ሲሆን፣ የማንዶሊንና የቫዮሊን ቅኝት አንድ በመሆኑ ፔን በቫዮሊን የሚያሰማውን ዜማ የእህቱ ልጅ የጣቶቹን ስፍራ ሳይለውጥ ወደ ማንዶሊን ማዛወር ይችል ነበር። ደጋን ሲሄድና ሲመለስ የሚፈጥረውን ውዝዋዜ በፒክ ወደ ታችና ወደ ላይ እየመታ አስመሰለው። የብሉግራስ ማንዶሊን ዜማ ዛሬም የቫዮሊን ጠረን ያለው ለዚህ ነው። አጎት ፔን በ1932 ሞተ፤ ሞንሮ በ1950 በስሙ የሰየመለት ዘፈን ከሥራዎቹ ሁሉ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ሆኗል።

ስለ አጎት ፔን ብዙ ተጽፏል። ስለ ሌላው መምህር የተጻፈው ግን ከሚገባው ያንሳል። አርኖልድ ሹልትዝ በ1886 በዚያው አውራጃ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ የጊታርና የቫዮሊን ተጫዋች ነበር። በጉልበት ሥራ ይተዳደር ነበር፤ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ የሚሠራ፣ በሄደበት ሁሉ የሚጫወት ሰው ነበር። በጊታር ላይ በአውራ ጣቱ የቤዙን ክር፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ባንድ ጊዜ የሚያሰማበት ስልት በምዕራብ ኬንታኪ ለተነሡ የጊታር ተጫዋቾች መሠረት እንደ ሆነ ይታመናል። ሞንሮ በወጣትነቱ በሮዚን አካባቢ ጭፈራ ላይ ሹልትዝ ቫዮሊን ሲጫወት በጊታር አጅቦታል። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሲሸጋገር በመካከል የሚያስገባቸው መሸጋገሪያ ድምፆችና የብሉዝ ስሜት በሞንሮ ጆሮ ውስጥ ቀሩ፤ ሞንሮም ይህን ውለታ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልካደም። ሹልትዝ በ1931 ሲሞት አንድም የተቀረጸ ድምፅ አልተወም። በዚያ ዘመን የዘር መድልዎ ሕግ በጸናበት አካባቢ ጥቁሩ ሙዚቀኛ ለነጮች ጭፈራ ይጫወት ዘንድ ይጠራ ነበር፤ የሸክላ ቀረጻ ድርጅቶች ግን የጥቁርና የነጭ ሙዚቃን ለየብቻ መድበው ይሸጡ ስለ ነበር እንደ እርሱ ያለ፣ በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው የሚመደብበት መዝገብ አልነበረም። ብሉግራስ የነጮች ተራራማ አገር ጥንታዊ ሙዚቃ ተደርጎ በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ የሚዘነጋው ሰው ይህ ነው። በዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የብሉግራስ ኮርድ አባት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሹልትዝን ሳይጠቅስ ሊመለስ አይችልም።

ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ ነበራት። በሮዚን የኅብረት መዝሙር በልዩ ልዩ ቅርጽ በተሣሉ ኖታዎች ይሰጥ ነበር። የሞንሮ ዓይን ደካማ ስለ ነበር ኖታውን ከመከተል ይልቅ ድምፆቹ እንዴት እንደሚደራረቡ በጆሮው መያዝን መረጠ።

በ1929 ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደ። በነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ በርሜል እያነሣና እያጠበ ለዓመታት ሠራ፤ በ1932 ከወንድሞቹ ጋር በቺካጎ ሬዲዮ ጣቢያ የተዘጋጀ የጉዞ ትርኢት ላይ የገጠር ጭፈራ ጨፋሪ ሆኖ ተቀጠረ። በ1934 እርሱና ቻርሊ የፋብሪካውን ሥራ ትተው ለሙዚቃ ብቻ አደሩ። ሞንሮ ወንድማማቾች በሚል ስም በየካቲት 1936 በሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ቀረጹ፤ እስከ 1938 ድረስም 60 ዘፈኖች አስቀረጹ። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ማንዶሊኑ እጅግ ፈጣን ነው፤ ይሁን እንጂ ገና ዜማ ተጫዋች ነው። ምቱን የተሸከመው የቻርሊ ጊታር ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1938 ተጣልተው ተለያዩ፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ወሳኙ ዓመትም ይህ ነው። ቢል ያጣው ወንድሙን ብቻ አልነበረም፤ ምቱን የሚይዝለትንም ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የራሱ ባንድ መሪ ሊሆን ይገባዋል፤ ባንዱ ከበሮ የለውም፤ በእጁ ያለው መሣሪያም ከሁሉ የቀጠነ ድምፅ ያለው ማንዶሊን ነው።

በትውልድ ግዛቱ ቅጽል ስም ብሉ ግራስ ቦይስ ያለውን ባንድ አቋቁሞ በጥቅምት 1939 በናሽቪል ከተማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለውን የሬዲዮ ትርኢት ተቀላቀለ። ትርኢቱ ቅዳሜ ማታ የሚተላለፍ ሲሆን በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ገበሬ ቤት ሁሉ ይደመጥ ነበር። ከተማችን አዲስ ቅዳም በስሟ የተሸከመችው ቀን ለዚያ አገር ገጠሬም የገበያ፣ የመገናኛና የጨዋታ ቀን ነበር። ሞንሮ በዚያ መድረክ ላይ ከለመደው ጊዜ ይልቅ ፈጠን አድርጎ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ዘፈነ። የገጠር ባንዶች ለክፍት ክር የሚመቹትን ጂ፣ ኤ እና ዲ ቁልፎች ሲመርጡ እርሱ ለጉሮሮው የሚስማማውን፣ አንዳንዴ ቢ ቁልፍን፣ ይመርጥ ነበር። በክፍት ክሮች ላይ የተመሠረተ አያያዝ በቢ ቁልፍ ላይ አይሠራም። እንግዲህ በመግቢያው ላይ ወደ ተነሣው ጥያቄ ለመመለስ ጊዜው ደርሷል።

ጀማሪው የሚማረው የጂ ኮርድ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ወፍራም ጥንዶች ክፍት ይተዋሉ፤ የኤ ጥንድ በሁለተኛው ፍሬት፣ የኢ ጥንድ በሦስተኛው ፍሬት ይጫናል። ለሲ ኮርድ የዲ ጥንድ በሁለተኛው፣ የኤ ጥንድ በሦስተኛው ፍሬት ተይዞ ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉ ጥንዶች ክፍት ይሆናሉ። ለዲ ኮርድ ደግሞ ሁለቱ የዳር ጥንዶች በሁለተኛው ፍሬት ተይዘው መካከለኞቹ ክፍት ናቸው። በእነዚህ ሦስት ኮርዶች ስፍር ቁጥር የሌላቸው የገጠር ዘፈኖች ይታጀባሉ። ድምፃቸው ያማረ ነው፤ ከተመቱ በኋላም ሲንቆረቆሩ ይቆያሉ። ለብሉግራስ የማይመቹትም በዚሁ መንቆርቆራቸው ምክንያት ነው።

በብሉግራስ ባንድ ውስጥ ቋሚው ቤዝ አንድ፣ ሁለት ተብሎ በሚቆጠረው ምት የመጀመሪያው ላይ ያርፋል። ማንዶሊኑ የሚገባው በሁለተኛው፣ በደካማው ምት ላይ ነው። ድምፁ መቆየት የለበትም፤ ልክ መጥረቢያ እንጨት ላይ እንደሚያርፍ አጭርና ደረቅ ሆኖ ተሰምቶ ወዲያው መጥፋት አለበት። አሜሪካውያን ቾፕ ይሉታል፤ መቁረጥ ወይም መፍለጥ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ቀኝ እጅ በፒክ አጥብቆ ይመታል፤ ግራ እጅም በዚያው ቅጽበት ጣቶቹን ከክሩ ላይ ሳያነሣ ጫናውን ብቻ ያላላል። ክሩ ከፍሬቱ ሲላቀቅ የጣቱ ሥጋ ድምፁን ያፍነዋል። ክፍት ክር ግን ጣት የለበትም፤ ጣት የሌለበትን ክር በማላላት ማፈን አይቻልም። ስለዚህ አራቱም ጥንዶች በጣት መያዝ አለባቸው። ባለ አራት ጣቱ የጂ ኮርድ የመጣው ከዚህ ነው፦ የጂ ጥንድ በሰባተኛው፣ የዲ ጥንድ በአምስተኛው፣ የኤ ጥንድ በሁለተኛው፣ የኢ ጥንድ በሦስተኛው ፍሬት ይያዛል።

የአያያዙ ሁለተኛ ጥቅም ተንቀሳቃሽነቱ ነው። እጁን እንዳለ አራት ፍሬት ወደ ፊት የገፋ ተጫዋች ቢ ኮርድን ያገኛል፤ ሞንሮ የመረጠው ከፍ ያለ ቁልፍ ከዚያ በኋላ አያስቸግርም። ደግሞም ጥንዶቹ በእኩል ርቀት የተቃኙ በመሆናቸው ትንሿ ጣት ተነሥታ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ፍሬታቸውን ሳይለቁ አንድ አንድ ጥንድ ወደ ወፍራሙ አቅጣጫ ቢሸጋገሩ የሲ ኮርድ ይገኛል። ያንኑ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት መግፋት ዲ ኮርድን ይሰጣል። የክራር ተጫዋች ይህን ሲያነብ አንድ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። በድርደራ ስልት ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው የሚፈለጉትን ይለቃሉ። የሁለቱ መሣሪያዎች አሠራር የተለያየ ቢሆንም በሁለቱም ዘንድ የግራ እጅ ዋና ጥበብ ዝምታን በልክ ማስገባት ነው።

የክራር ተማሪ የሚቸገርበትም ነጥብ አለ። ብዙዎቹ የኬንታኪ የቆዩ ዜማዎች በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸው፤ አምስቱ ድምፆችም ከእኛ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። በጂ ላይ የተቃኘ ትዝታ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ እና ኢ አሉት። የጂ ኮርድ ሦስት ድምፆች በሙሉ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የሲ ኮርድ ግን ሲ የተባለውን፣ የዲ ኮርድም ኤፍ ሻርፕ የተባለውን ድምፅ ከቅኝቱ ውጭ ያስገባሉ። ለአምስት ድምፅ ዜማ ኮርድ መስጠት እንግዲህ በዜማው ላይ አዲስ ነገር መጨመር ነው። በሀገራችን ነርሲስ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ዜማዎች ለኅብረ ድምፅ ሲያሰናዳ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር። የቾፕ አጭርነት በዚህም ረገድ አንድ መፍትሔ ይሆናል፤ ባዕዱ ድምፅ ጆሮ ሳይመረምረው ያልፋልና።

በ1945 የጊታር ተጫዋቹና ዘፋኙ ሌስተር ፍላት፣ በዓመቱ መጨረሻም በሦስት ጣት ባንጆ የሚጫወተው ኧርል ስክረግስ ባንዱን ተቀላቀሉ። ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከቸቢ ዋይዝና ከቤዝ ተጫዋቹ ከሐዋርድ ዋትስ ጋር አምስት ሆነው በመስከረም 1946 በቺካጎ የቀረጿቸው ዘፈኖች ለሚከተለው ትውልድ ሁሉ መለኪያ ሆኑ። ባንጆው እንደ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከሥሩ የማንዶሊኑ ቾፕ የከበሮን ሥራ ሲሠራ ይሰማል። ይህ ጥምረት ከሁለት ዓመት ብዙም አልዘለለም፤ ፍላትና ስክረግስ በ1948 ወጥተው የራሳቸውን ባንድ መሠረቱ። ሞንሮ ይህን እንደ ክሕደት ቆጠረው። ከፍላት ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ኖረው የታረቁት በ1971 ነው። ሌሎች ባንዶችም የእርሱን ስልት መከተል ሲጀምሩ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ያህል ተቆጣ። በ1950ዎቹ ግን አድማጮች ከባንዱ ስም ወስደው መላውን የሙዚቃ ዓይነት ብሉግራስ ይሉት ጀመር፤ ይህም ሊሆን የቻለው ሌሎች ስለ ወሰዱት ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ስልት የራሱ መታወቂያ ይሆናል እንጂ የሙዚቃ ዘርፍ አይባልም። ከአጎቱና ከሹልትዝ በጆሮው የወሰደ ሰው ከእርሱ በጆሮአቸው በወሰዱት ላይ መቆጣቱ የሚያስተዛዝብ ቢሆንም፣ የሞንሮን ባሕርይ ለሚያጠና ሰው ከልጅነቱ ጋር መያያዙን ማየት አይከብድም። የተረፈውን መሣሪያ የተቀበለ ልጅ የራሴ የሚለውን ነገር ካገኘ በኋላ አሳልፎ መስጠት ከብዶታል።

የ1950ዎቹ ዓመታት ለእርሱ የመከራ ዘመን ነበሩ። በጥር 1953 በደረሰበት የመኪና አደጋ ብዙ አጥንቱ ተሰበረ፤ ለወራትም ከመድረክ ራቀ። በሐምሌ 1954 ኤልቪስ ፕሪስሊ የተባለ ወጣት በሜምፊስ ከተማ የሞንሮን ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ የተሰኘ ዘፈን በራሱ ስልት ቀረጸ። ዘፈኑ በመጀመሪያ በሦስት ምት የሚሄድ ዝግ ያለ ዋልዝ ነበር። ሞንሮ በዚያው ዓመት እንደ ገና ሲቀርጸው መጀመሪያውን በዋልዝ ከጀመረ በኋላ ወደ ፈጣን ሁለት ምት አሸጋገረው። ሮክ ኤንድ ሮል የገጠር ባንዶችን ገበያ ዘጋ፤ ሞንሮም በአነስተኛ ገቢ፣ በረጅም የመንገድ ጉዞ ኖረ።

ያነሣው የ1960ዎቹ የባህል ሙዚቃ ንቅናቄ ነው። ከ1963 ጀምሮ ራልፍ ሪንዝለር የተባለ የባህል ሙዚቃ ተመራማሪ ሥራ አስኪያጁ ሆኖ በዩኒቨርሲቲዎችና በከተማ መድረኮች አቀረበው። ከዚያ በኋላ ሞንሮ፣ ምናልባት ሳይወድ በግድ፣ መምህር ሆነ። በ1967 በኢንዲያና ቢን ብሎሰም በተባለ ስፍራ ዓመታዊ የብሉግራስ ፌስቲቫል ጀመረ። በረጅሙ ዘመን ውስጥ ከ150 በላይ ሙዚቀኞች በባንዱ ውስጥ አልፈዋል፤ ብዙዎቹም የራሳቸውን ባንድ መሥርተዋል። አስተምህሮው ቃል የለሽ ነበር። ወጣቱን አጠገቡ አቁሞ ይጫወታል፤ የተሳሳተበትን በማንዶሊኑ ምት ያርመዋል።

በእጁ የነበረው ማንዶሊን ጊብሰን ኩባንያ በ1923 የሠራው ኤፍ-5 ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በማያሚ ከተማ በአንድ ጸጉር ቤት ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦ አግኝቶ ወደ 150 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ እንደ ገዛው ይታወቃል። መሣሪያው አነስተኛና መካከለኛ ድምፆችን አጥብቆ የሚያወጣ በመሆኑ ቾፑ የጎላው በእርሱ ነው። ለእድሳት ወደ ፋብሪካው ልኮት የጠየቀው ሳይሟላ በመመለሱ ተቆጥቶ የኩባንያውን ስም ከራስጌው ላይ በቢላዋ ፍቆ አጠፋው፤ እርቁ የወረደው በ1980 ነው። በኅዳር 1985 ቤቱን ሰብሮ የገባ ሰው ይህንና ሌላውን ማንዶሊኑን በብረት ቀጥቅጦ ሰባበራቸው። የጊብሰን ባለ ሙያ ቻርሊ ዴሪንግተን ስብርባሪውን ስንጥር በስንጥር ገጣጥሞ ዳግም እንዲጫወት አደረገው። ሞንሮ ያኔ ከ70 ዓመት በላይ ነበር፤ መሣሪያው ሲመለስለት ወዲያው ወደ ጉዞው ተመለሰ።

በ1970 በናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ሰፈረ። በ1989 ለብሉግራስ የተሰጠውን የመጀመሪያ የግራሚ ሽልማት ተቀበለ። በ1996 የጸደይ ወራት የአንጎል ደም መፍሰስ ከደረሰበት በኋላ ዳግም አልተጫወተም፤ መስከረም 9 ቀን 1996፣ 85 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው፣ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ሮዚን ተወስዶ በመንደሩ መካነ መቃብር ተቀበረ። አጎት ፔን ያረፈውም በዚያው ነው፤ በ1973 በመቃብሩ ላይ ሐውልት እንዲቆም ያደረገው የእህቱ ልጅ ነበር።